ጠበቃ ጻድቅ መሆን አለበት?

እኛ ጋ ጠበቃ የሚወደደው የራስ ጠበቃ ሲሆን ብቻ ነው። የሌላው ሰው ጠበቃማ ውሸታም ነው፣ ነገር አክራሪ ነው፣ በሰው ጠብ የሚበላ ነው። ቋንቋችንም ሁለት ልብ ነው። «ጠበቃ» ከመጠበቅ የመጣ ደግ ቃል ነው። የቆየው «ነገረ ፈጅ» ግን ነገሩን የሚጨርስ ይሁን ባለጉዳዩን የሚፈጅ፣ ሰሚው እንደ ልቡ ይተረጉመዋል።

ይህን ሐሜት ፊት ለፊት የሚጋፈጥ አንድ ፊልም አለን፦ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። በፊልሙ ልጅቷ ሂሩት ትባላለች። ጠበቃዋን መዓዛን ሜሮን ጌትነት ትጫወታታለች።

እኔ የዋጃ ልጅ ነኝ፤ ከቆቦ ወደ አላማጣ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ማሽላ የከበባት ከተማ። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለ፤ ደም እንኳ የሚደርቅበት። የሽማግሌው ጥያቄ «እነዚህ ሁለት ቤተሰቦች ነገ እንዴት አብረው ይኖራሉ?» ነው። የጠበቃው ጥያቄ ደግሞ «የኔ ደንበኛ መብት ምንድን ነው?» ስለዚህ የኛ ሰው ጠበቃ ያቆመን ሰው «እርቅ አልፈልግም አለ» ብሎ ሲተረጉመው አላዋቂነት እንዳይመስላችሁ። ሁለቱ ጥያቄዎች እውነትም ይለያያሉ።

«ድፍረት» ይህን ገብቶታል፤ ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ጉልበትም እሱ ነው። ሽማግሌዎቹን ጭራቅ አላደረጋቸውም። ዛፍ ሥር ተቀምጠው በተራ ይናገራሉ፣ ይደማመጣሉ። እንዲያውም ከብዙ ስብሰባዎቻችን የተሻለ ሥርዓት አላቸው። ልጅቷ ግን እዚያ የለችም። ስለ እሷ ዕጣ የሚነጋገሩት ወንዶች ናቸው። ያኔ ነው የጠበቃ ጥቅም የሚገባህ፦ ክቡ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠውን ሰው ወክሎ የሚናገር።

ደግሞ ሽምግልና የማይደርስበት ነገር አለ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ የሚቀርበት ቀዳዳ ነበረው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ እንዲህ ዓይነቷን መስመር አውቃታለሁ። ከላይ ትቀመጥና ከታች የተጻፈው ሁሉ እንዳይሠራ ታደርጋለች። እሷን በእርቅ አታስተካክላትም። ጽሑፉን ከፍቶ «ይቺ መስመር ስህተት ናት» ብሎ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል። ቀዳዳው የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬ። ፊልሙ የጠበቃን ስም የሚያጸዳው መዓዛን ጻድቅ በማድረግ ነው። ብር አትጠይቅም፣ አትደክምም፣ የቆመችላት ልጅም ገና ስናያት የምንወዳት ናት። እንዲህ ያለችውን ጠበቃ ማን ይጠላል? ተመልካቹ መዓዛን ወዶ ይወጣል፤ ስለ ጠበቆች ያለው አስተያየት ግን ንቅንቅ አይልም። «እሷማ ልዩ ናት» ይላል፣ አበቃ።

ከባዱ ጥያቄ ያልተነካው ነው፦ ጠላፊው ባይሞትና ችሎት ቢቀርብ ኖሮስ? የእሱ ጠበቃ ምን ይባል ነበር? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው ሁሉ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጣል፤ አቅም ለሌለውም ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ካለ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። «ለተወደደ ተከሳሽ» አይልም።

ሕዝቡ ጠበቃን የሚያማው ሁሉ ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። ከገጠር ተነስቶ ጠበቃ ፍለጋ ከተማ የሚገባ ገበሬ የመኪናውን፣ የአዳሩን፣ የቀጠሮውን ወጪ ሲደምረው ማሳው ራሱ ያን ያህል ላያወጣ ይችላል። ብዙው ሰው ፍርድ ቤት በር ላይ ባለው ራፖር ጸሐፊ የሚያበቃው ወዶ አይደለም። ይህን ግን የአንድ ሰው ደግነት አይፈታውም። ፊልሙም ስለ ዋጋው ዝም ይላል፤ ዋጋ የማታስከፍል ጠበቃ መርጧላ።

የሚገርመው፣ ፊልሙ የሸሸውን ጥያቄ እውነታው ራሱ ጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ባይዋ አበራሽ በቀለ ነበረች፦ ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ተጠቀሙበት ብላ። አዳራሹን ለሞላው እንግዳ ያን ምሽት «ነገረኛዋ» እሷ ሳትሆን አትቀርም ብዬ እገምታለሁ። ስክሪን ላይ ሊያለቅስላት የመጣው ሰው፣ በአካል መብቷን ስትጠይቅ ፕሮግራም አበላሸችበት።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ነን። ፍርድን እንዲህ የሚያከብር ሕዝብ ጠበቃን የሚንቀው ለምን እንደሆነ የሚመረምር ፊልም ገና አላየሁም። «ድፍረት» ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ የምትወዱትን ሰው ጠበቃ አሳይቷችኋል። ቀሪው ፊልም ስለማትወዱት ሰው ጠበቃ ነው። እናንተም አንድ ቀን ያ የማይወደደው ሰው ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ጠበቃ ከምንም ጊዜ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ያኔ ነው።