ተስፋ የሚቆረጠው በየትኛው ግስ ነው?

አፋን ኦሮሞ «ሙሩ» እና «ኩቱ» የሚባሉ ግሶች አሉት። ወደ አማርኛ ስናመጣቸው ሁለቱንም «መቁረጥ» ብለን እንገላገላለን። እስቲ አኖ ወይም ነቀምቴ ሻይ ቤት ገብታችሁ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚባል ጠይቁ። «አብዲ ኩታቴ» ይሏችኋል። የዳኛ ፍርድ ግን «ሙርቲ» ነው፤ ከ«ሙሩ» የወጣ። አማርኛ ተስፋንም ውሳኔንም በአንድ ግስ ሲቆርጥ፣ እዚህ ግሱ ለየቅል ነው።

ይህን ልዩነት የሚያውቀው ጆሮ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ይህ የገባው ይመስለኛል። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ከአገሩ የራቀ ሰው ነው፤ ለትርጉም ሥራው የልጅነት ቋንቋው ብቻ አልበቃውም። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ አስቴር ጋኖን አገኘ። እሷም ከባርነት ነፃ የወጣች፣ ቋንቋዋ ግን ያልደበዘዘ ወጣት ነበረች። ቃላት ሰበሰበች፤ ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ጻፈች። በ1894 (እ.ኤ.አ.) የንባብ መጽሐፍ አብረው አወጡ፤ በ1899 ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ።

ዘፈንና ተረት መሰብሰቧን እንደ ጌጥ አንየው። ሰው «የሁለቱ ቃላት ልዩነት ምንድን ነው?» ሲባል ወዲያው ፈላስፋ ይሆናል፤ ሲዘፍንና ሲተርት ግን ቃሉን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። በአማርኛም ሞክሩት። «ፈራ»ንና «ሰጋ»ን ፍቱልኝ አትበሉ፤ ዓረፍተ ነገር ስጡ። «ውሻውን ፈራሁ» ያለችግር ያልፋል። «ውሻውን ሰጋሁ» ስትሉ ግን ሰሚው ፊቱን ያጨማድዳል። «እንዳይዘንብ ሰጋሁ» በሉት፣ ፊቱ ይፈታል። መልሱ እሱ ነው በቃ።

በእርግጥ አንድ ጆሮ አይበቃም። የነቀምቴው የቦረናውን አይወክልም፤ ብዙ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው፦ የምንጠይቀውን ሰው እንደ ዕቃ መቁጠራችን። ትርጉሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ኦነሲሞስ ነው፤ ይገባዋልም። አስቴር ግን «ረዳት» ተብላ ትታለፋለች። የትኛው ቃል የት እንደሚቀመጥ የሚነግር ሰው ረዳት ነው እንዴ? እሱ እኮ ግማሹ ተርጓሚ ነው።

ዛሬ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ልጆች፣ አኖ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ቃሉን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። የነገራችሁንም ሰው፣ ከፈቀደ፣ በስሙ ጻፉት።