የውሰት ካርታ ምትሐት

ከምትሐት ጥበባት ሁሉ እጅግ የማደንቀው፣ ምንም ቅድመ ዝግጅት ሳይደረግለት፣ ከሰው በተዋሱት ካርታ እዚያው ተቀምጠው የሚሠሩትን ነው። ይህን ጥበብ የሚሻ ሰው ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ኤርድኔዝ በሚል የብዕር ስም በቺካጎ እንደ ታተመው ያለ መጽሐፍ ገልጦ፣ የጣቶችን ረቂቅ እንቅስቃሴ ከቃልና ከሥዕል ብቻ ለመረዳት ይደክም ነበር፤ ዛሬ ግን ወደ ስልኩ ያወረደውን ቪዲዮ እንደ ፈቃዱ እያቆመና ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ከማይሰለች መምህር ይማራል።

ሁለት ካርታ እንደ አንድ የማንሣትን ስልት እንመልከት፤ ሠሪው የላይኞቹን ሁለት ካርታዎች በትንሿ ጣቱ ጫፍ ከሌሎቹ በጥቂቱ ለይቶ፣ አንድ አስመስሎ ሲገለብጣቸው፣ ለተመልካቹ የሚታየው ሁለተኛው ነው፤ መልሶ ከገለበጣቸው በኋላ የላይኛውን ብቻ ወደ መካከል ቢያስገባ፣ ቀድሞ የታየው ካርታ ከሁሉ በላይ ይገኛል። የካርታ ምትሐተኛው ዴይ ቨርነንም እ.ኤ.አ. በ1922 ስመ ጥሩውን ምትሐተኛ ሁዲኒን በቺካጎ ግራ ያጋባው፣ ከላይ ሁለተኛ የተደረገን ካርታ ወደ ላይ በሚያወጣ ምትሐት ነበር።

ጣት የሚማረው ከዓይን እጅግ ዘግይቶ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ እጅህ ያለ ዓይንህ ረዳትነት እስኪሠራው ድረስ ለማንም አታሳይ፤ ካሳየህም በኋላ ምሥጢሩን ጠብቅ።