ከቃለ መሐላው ወዲህ፦ ዳኛ ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን እና ያልተነበበው ችሎት

ዳኛ ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን በፍሎሪዳ ዋና ከተማ በታላሃሲ የሊዮን ካውንቲን የዳኝነት ወንበር በሕዝብ ድምፅ ያሸነፉት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በልጅነታቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ሴት በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛት ለዳኝነት መመረጣቸው የሚያኮራ ነገር ነው፤ የኛ ጋዜጦችም ይህን በደስታ ጽፈዋል። ቅሬታዬ ያነበብኩት ጽሑፍ ሁሉ ቃለ መሐላው ላይ ማቆሙ ነው። «የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ዳኛ» ተባለ፣ ፎቶግራፉ ወጣ፣ በቃ። ዳኛዋ በማግስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠሩ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል።

ስለ ሥራው ግን መጠየቅ ነበረበት። በፍሎሪዳ የካውንቲ ፍርድ ቤት ዳኛ ለስድስት ዓመት ይመረጣል። የሚያየው ቀላል ወንጀልን፣ የትራፊክ ክስን፣ የአከራይና ተከራይ ክርክርን፣ የገንዘብ መጠኑ የተወሰነ የፍትሐ ብሔር ጉዳይን ነው። የገንዘቡ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ 15,000 ዶላር ነበር፤ በ2020 ወደ 30,000፣ በ2023 ደግሞ ወደ 50,000 ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለው ችሎት ለጽሑፍ የማይመች፣ ታናሽ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ስደተኛ ሕግን ፊት ለፊት የሚያገኘው እዚያ ነው። ከመቶ አንዱ እንኳ ጉዳዩን ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይደርስም።

ከዚህ ሥራ ውስጥ አንዷን ክፍል ብቻ ላንሳ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ እሷ ናትና። ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ሊል ሲቆም ዳኛው በተርታ ይጠይቀዋል፦ በፈቃድህ ነው? ያስገደደህ አለ? የምትተወው መብት ምን እንደሆነ ተረድተሃል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 በቦይኪን ጉዳይ የተከሳሹ ፈቃድና መረዳት በመዝገብ ላይ መታየት እንዳለበት ወስኗል። በ2010 ደግሞ በፓዲያ ጉዳይ ጠበቃ ለደንበኛው ጥፋተኝነቱ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል መንገር አለበት አለ። የፍሎሪዳ ደንብ ዳኛውም ራሱ ይህን ማስጠንቀቂያ ለተከሳሹ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ የወግ ጉዳይ አይደለም። በስርቆት የተከሰሰ ስደተኛ የአንድ ዓመት እስር ተፈርዶበት ቅጣቱ ቢገደብለት፣ አንድ ቀን ሳይታሰር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን ያን ፍርድ ከከባድ ወንጀል ይቆጥረዋል። «ቀላል» የተባለው ጉዳይ ቤተሰብ ይበትናል።

እንግዲህ ጥያቄዎቹ በፍጥነት ሲነበቡ፣ አስተርጓሚው ሲከተል፣ ባለጉዳዩ ምን ይላል? እኛ ባለሥልጣን ፊት ስንቆም ያልገባንን እንደገባን አድርገን አንገታችንን መነቅነቅ ለምዶብናል፤ መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። በመዝገቡ ላይ ግን ያ ነቅናቂ ሁሉን ተረድቶ የፈቀደ ሰው ሆኖ ይጻፋል። ጥሩ ዳኛ እዚህ ላይ ይቆማል። «ገባህ?» ብሎ አያልፍም፤ «አሁን ያልኩህን አንተው ንገረኝ» ይላል። ሁለት ደቂቃ የምትወስደው ይህች ጥያቄ ለእኔ ከብዙ የተዋበ የፍርድ ሐተታ ትበልጣለች። ዳኛ ኒናን የሚያጠና ሰው መጀመሪያ መክፈት የነበረበት ይህን መዝገብ ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውን ብቻ አይደለም።

«ልጃችን ዳኛ ሆነች» የሚለውን ውዳሴም ልቃወመው እወዳለሁ። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ዳኛን ግን ይጎዳል። የኛ ስለሆነች ታዝንልናለች የሚል ተስፋ በውስጡ አለ፤ ዳኛ ደግሞ ለወገኑ ካዘነ ዳኛ አይደለም። ከስደተኛ ቤት የመጣ ዳኛ ለችሎቱ የሚያመጣው ነገር ካለ አድልዎ ሊሆን አይችልም፤ አንገት መነቅነቅ መረዳት እንዳልሆነ ማወቁ ሊሆን ይችላል። ይህ ዕውቀት ከየትኛውም አገር ለመጣ ባለጉዳይ ይጠቅማል።

በአገር ቤት ታሪካችንም ያው ችግር አለ። ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ ሳሉ በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ ማዘዛቸውን፣ ስዬም ከፍርድ ቤት እንደወጡ ወዲያው መያዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ውሳኔ እንደ ጀብዱ ስንተርከው ሃያ ዓመት አለፈ። ውሳኔው ግን የዋስትና ውሳኔ ነበር፤ የሰጠውም የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ብርቱካን ያደረጉት የዕለት ሥራቸውን፣ በዕለት ሥራ ደንብ፣ ለኃያልም ለደካማም እኩል መሥራት ነው። ጀግንነቱን የፈጠረው የመንግሥት ምላሽ ነው። እኔ የማደንቀው ከምላሹ በፊት ያለውን ነው፤ ጸጥ ያለውን፣ ሕጉን አንብቦ የሚፈርመውን እጅ። ይህን ስጽፍ ልቤ ይሞቃል፤ አልደብቀውም።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድም፣ እዚህ አስፐን ሂል፣ ጆርጂያ አቨኑና ኮነቲከት አቨኑ በሚገናኙበት ሰፈር፣ የኪራይ ክስ ወይም የትራፊክ መጥሪያ የደረሰው ሰው የሚሄደው ወደ ሮክቪል ወይም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የሕዝብ ዳኞች ሸንጎ (ጁሪ) የለም፤ ሁሉን የሚወስነው አንድ ዳኛ ነው። ኪራይ ባለመክፈል የተከሰሰ ተከራይ፣ በተደጋጋሚ ተፈርዶበት ካልሆነ፣ የማስወጣት ትእዛዙ እስኪፈጸም ድረስ ዕዳውን ከፍሎ መቆየት እንደሚችል ካልተነገረው ፍርዱን ሰምቶ ዕቃውን ይሸክፋል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፤ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል፤ መጠየቅ እንደሚቻል ማወቅ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል።

የሜሪላንድ የዲስትሪክት ዳኛ እንደ ፍሎሪዳው በሕዝብ አይመረጥም። አስመራጭ ኮሚሽን ያጣራል፣ ገዥው ይሾማል፣ የሜሪላንድ ሴኔት ያጸድቃል፤ ዘመኑም አሥር ዓመት ነው። ኮሚሽኑ የአመልካቾችን ስም ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። የኛ ጋዜጦችና ማኅበራት ድምፅ መሰማት ያለበት በዚያ ሰሞን ነው፤ እኛ ግን ያን ጊዜ ዝም ብለን ሹመቱ ሲጸድቅ ብቻ እንጨፍራለን። ለአመልካቹ የሚቀርበውም ጥያቄ የትውልድ አገሩ መሆን የለበትም፤ በአስተርጓሚ በኩል ጥፋተኛ ነኝ የሚል ሰው ፊቱ ሲቆም መረዳቱን በምን እንደሚያረጋግጥ ነው።