አምስት ሚሊ ሜትር

ጋሼ ሥራ ለመጀመር ወደ ቫኑ ሲገቡ ውሃ ልካቸውን ውጭ ትተው ነው የሚገቡት። አርባ ዓመት በአናጺነት የኖረ ሰው ውሃ ልኩን ሲተው ማየት፣ ቄስ መስቀሉን ሳይዝ ከቤት ሲወጣ እንደማየት ነው። «እዚህ ውስጥ ይዋሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቫኑ የቆመበት የግቢ መግቢያ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ መንገዱ ያዘቀዝቃል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚያድርበት የተራራ ጥግ ደግሞ ወዴት እንደሚያዘነብል ማን ያውቃል? ስለዚህ ጋሼ የሚሠሩትን ካውንተር ከምድር ጋር አያስተያዩትም። ከመኪናው ወለል ተነስተው በሜትር ይለካሉ፤ በአራቱም ማዕዘን፣ አንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ 91 ሳንቲ ሜትር። ምድሪቱ ብታጋድልም ወጥ ቤቱ ከራሱ ጋር ይስማማል።

ቦታው አውሮራ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር በስተ ምሥራቅ። የሐበሻ ምግብ ቤት ፈልጎ ማጣት በማይቻልበት በዚህ ከተማ፣ የጋሼ ወርክሾፕ የቤታቸው ጋራዥ ነው። ሙያውን የለመዱት አዲስ አበባ፣ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ ነው፤ መሣሪያዎቻቸውንም እስከ ዛሬ በዚያው ስማቸው ይጠሯቸዋል፦ ሞርሳ፣ ስኳድራ። ከጣሊያን የተነሳ ቃል አዲስ አበባ አድሮ፣ ዛሬ ሮኪ ተራሮች በሚታዩበት ጋራዥ ውስጥ በአማርኛ ይነገራል።

እዚህ አገር የጭነት ቫን ገዝቶ፣ አልጋና ወጥ ቤት አስገብቶ ቤት የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ያረጀ ነው። ቮልስዋገን ያቺን ክብ ፊት ቫን ማምረት የጀመረው በ1950 ነበር፤ በዓመቱ ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት ለቅዳሜና እሑድ የሚገባ፣ ሰኞ የሚወጣ የዕቃ ሳጥን ሠራላት። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ብዙ ነው፤ ባትሪው፣ ማሞቂያው፣ የጣራው ሶላር። ካውንተሩ ግን አሁንም ሁሉም ሰው በየቀኑ በእጁ የሚነካው ነገር ነው። ሽንኩርት የሚከተፈው እሱ ላይ ነው፤ ቡና የሚቀዳውም፣ ካርታ የሚዘረጋውም እዚያው ነው። ለዚህ ነው አንዲት ወጣት ባለ ቫን ሌላውን ሥራ ሁሉ ራሷ ከጓደኞቿ ጋር ሠርታ፣ ካውንተሩን ብቻ ለጋሼ ያመጣችው።

የጠየቀችው ጥቁር ዋልነት ነው። ይህ ዛፍ የምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ቀለሙ የዋንዛ ዕቃ ባለበት ቤት ላደገ ሰው ዓይን እንግዳ አይሆንም። ጋሼ ግን መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ቀለሙ አልነበረም፤ ስለ ክብደቱ ነው። ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ 50፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዋልነት ገጽ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ጠንካራው ሜፕል ወደ 19 ይጠጋል። በየአፓርታማው የምናየው ግራናይት ቢሆን ከ70 ኪሎ ያልፋል። ቤት ውስጥ 70 ኪሎ አንዴ ተቀምጦ ይረሳል፤ መኪና ላይ ግን በየዳገቱ ነዳጅ ይጠይቃል፣ በየፍሬኑ ወደፊት ይገፋል።

ጣውላዎቹ ከመጡ በኋላ ሦስት ሳምንት ማንም አልነካቸውም። በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት ገብቶ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ ተደረደሩ። ጋሼ አልፎ አልፎ ሁለት መርፌ ያለውን የእርጥበት መለኪያ እየወጉ ቁጥሩን በእርሳስ እዚያው ጣውላው ላይ ይጽፋሉ። የመጨረሻው ቁጥር 6 በመቶ አካባቢ ነበር፤ የዴንቨር አየር ከንፈር የሚያሰነጥቅ ደረቅ አየር ነውና።

«ይህ እንጨት የሞተ ይመስልሃል?» አሉኝ፣ ጣውላውን በመዳፋቸው ቸብ እያደረጉ።

«ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ… ታዲያ ምን ቀረው ጋሼ?»

«መጠጣት አልተወም ልጄ። እንዲያውም ሱሱ ባሰበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት እርጥበት ያለበት አየር ሲያገኝ ይጠጣና በጎኑ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በርዝመቱ አይቆጠርም፤ የሚለዋወጠው ስፋቱ ነው። ዋልነት 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ እርጥበቱ አንድ በመቶ በጨመረ ቁጥር ከ1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ልዩነቱ ጣውላው ከግንዱ በተሰነጠቀበት አኳኋን የሚወሰን ነው። ቤት ውስጥ የሚኖር ካውንተር ይህን የሚያደርገው በዝግታ፣ ወቅት እየጠበቀ ነው። ይህች ልጅ ግን ከዴንቨር ተነስታ ክረምቱን የኦሪገን ባሕር ዳርቻ ልታሳልፍ ነው፤ ዝናብ፣ ጉም፣ ከውስጥ ደግሞ የሻይ እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ። ጋሼ በጋራዡ ግድግዳ ላይ አስልተው ሦስት ወይም አራት በመቶ ጭማሪ ጠበቁ። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር 5 ነበር። አምስት ሚሊ ሜትር፤ ለእንጨቱ የሚተውለት ቦታ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራ ሁሉ በዚህ ቁጥር ዙሪያ የተሠራ ነው።

መጀመሪያ ጣውላዎቹ በጠባብ በጠባቡ በርዝመታቸው ተሰነጠቁ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቁራጭ በጎኑ ተጋደመ፤ ጎን የነበረው ፊት ሆነ። የዋልነት ሰፊ ፊት ነበልባል የመሰለ ሥዕል አለው፤ ሰው የሚወደውም እሱን ነው። በጎኑ ሲዞር ግን ነበልባሉ ይጠፋና እንደ ተበጠረ ፀጉር ቀጥ ያለ ጅማት ይቀራል። ጋሼ ይህን ያደረጉት እያወቁ ነው። የዓመት ቀለበቶቹ ወደ ላይ ሲቆሙ እንጨቱ በስፋቱ የሚለዋወጠው በትንሹ ነው፤ ከላይ ከተባለው ከ1.4 ይልቅ ወደ 1 ይጠጋል። በነበልባሉ ምትክ የተገኘው ዓይንን ከዳር እስከ ዳር ይዞ የሚሄድ ጸጥ ያለ መስመር ነው። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ በጠባብ ቤት ውስጥ የሚጮህ ነገር ቶሎ ያሰለቻል።

ቁራጮቹ ወለል ላይ ተዘረጉና ግማሽ ቀን በቅደም ተከተላቸው አለፈ። ጠቆር ያለው ከቀላው አጠገብ በድንገት እንዳይወድቅ፣ እጅግ ያማረው ገንዳው ተቆርጦ የሚወጣበት ቦታ ላይ እንዳይባክን እየተባለ ይነሳል፣ ይጣላል። ሲያበቁ በሁሉም ላይ በጠመኔ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሣሉ። ቁራጮቹ ቢደባለቁ ሦስት ማዕዘኑ እስኪገጥም መደርደር ብቻ ነው። ቁጥር መጻፍም ያው ነው ብል፣ «ቁጥር የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ አይነግርህም» አሉኝ።

ከኮላው በፊት ፈተና አለ። በመላጊያ የተስተካከሉ ሁለት ቁራጮች ይደራረቡና ወደ ብርሃን ይያዛሉ። በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ እንደገና መላጊያ። ኮላ ክፍተትን አይሞላም፣ ይደብቃል እንጂ፤ የተደበቀ ክፍተት ደግሞ በመጀመሪያው ኮረኮንች መንገድ ይገለጣል። ከዚያ ውሃ የሚቋቋም ኮላ ተቀብቶ ሞርሳዎቹ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየተፈራረቁ ታሰሩ፤ ሁሉም ከአንድ ወገን ከሆነ ገጹ ይጎብጣል። እዚህ ላይ የጋሼን እጅ ሲያቆም ማየት ነው። ሞርሳውን እስከ ጥግ አያጠብቁም። ኮላው በመጋጠሚያው ርዝመት ሁሉ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ እኩል ብቅ ሲል ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ያጠበቀ ሰው ኮላውን ጨምቆ ያስወጣና ደረቅ መገጣጠሚያ ይቀረዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነጠብጣቡ ማስቲካ ሲመስል በመሮ ይነሳል፤ እርጥብ ሆኖ ቢጠረግ የእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ በኋላ ዘይቱን አላስገባም ይላል።

የቫን ግድግዳ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። ላሜራው ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ በርዝመቱም ይለጠጣል፣ በየመሐሉ የብረት አጥንት ይወጣበታል። ጋሼ በመጀመሪያ በካርቶን፣ ቀጥሎ በቀጭን ኮምፔንሳቶ ልኩን አወጡ። ኮምፓሱን በአምስት ሚሊ ሜትር ከፍተው አንዱን እግር በግድግዳው ላይ እያንሸራተቱ በሌላው እርሳስ መስመሩን ኮምፔንሳቶው ላይ ጣሉት። ግድግዳው የሄደበት ሁሉ መስመሩ ይሄዳል፤ የሚቀረውም ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ሥራ አይቻለሁ፤ ባዶ ቦታ በልክ ሲሠራ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው።

ለዕቃ ማጠቢያው ገንዳ መጋዝ ከመግባቱ በፊት አራቱ ማዕዘኖች በመሰርሰሪያ ተበሱ። ክብ ማዕዘን ጭንቀትን ይበትናል፤ ሹል ማዕዘን ስንጥቅ ይጠራል። የጉድጓዱ ግራና ቀኝ ከንፈር የእንጨቱ ጅማት የተቆረጠበት ነው፤ እንደ ገለባ እስር አፉን ከፍቶ ውሃ የሚጠብቅ። ገጹ ሦስት ጊዜ ዘይት ሲጠጣ ይህ ከንፈር አምስት ጊዜ ጠጣ፣ በቃኝ እስኪል።

ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። በየደረጃው፣ 80፣ 120፣ 180፣ ጋሼ ገጹን በእርሳስ ይሞነጫጭሩታል፣ ሕፃን እንደያዘው ደብተር። ሙንጭርጭሩ በሙሉ ሲጠፋ ያልተነካ ቦታ የለም ማለት ነው። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ያብሱታል፤ የተኛው ፀጉር ይነሳል፣ ሲደርቅ በ220 ይላጫል። ያን ጊዜ እጄን አሳረፍኩበት። መጋጠሚያዎቹን ዓይኔ እያየ መዳፌ ሊያገኛቸው አልቻለም። የፊት ጠርዙ እንደ ሳሙና ዳር ለስልሷል፤ በጠባብ መተላለፊያ ዳሌ ሁልጊዜ የሚጋጨው እሱን ነውና። ከምድጃው ጎን ባለው ጫፍ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከንፈር ቆሟል፤ ከመርከብ ወጥ ቤት የተወረሰ ዘዴ ነው፣ ኩባያ በመታጠፊያ ላይ እንዳይሸሽ።

ዘይቱ ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ነው። የተልባ ዘይትም ያገለግላል፤ ተንግ ግን ውሃን ይበልጥ ይቋቋማል። የቀቡበትን ጨርቆች ጋሼ አጥር ላይ አንድ በአንድ ዘርግተው ያደርቃሉ። እንዲህ ያለ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል።

ገጹ ደርቆ አበቃ ብዬ ሳስብ ገለበጡት። ማንም የማያየው ሆዱ ልክ እንደ ፊቱ ለስልሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ልክ እንደ ፊቱ ሦስት ጊዜ ዘይት ጠጣ። ሞኝ ሆኜ አመሰገንኳቸው፤ ሰው የማያየውንም አሳምረው ይሠራሉ አልኩ። ጋሼ ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ለሰው ብዬ መሰለህ? ባልቀባው ሆዱ ብቻ ይጠጣና ይጣመማል።» እኛ ተመልካቾች የተደበቀን ልፋት ስናይ ቶሎ ወደ ትሩፋት እንወስደዋለን። ለሠሪው ግን ሆድና ፊት ሁለት ነገር አይደሉም። ፊቱ ቀጥ ብሎ የሚቆየው ሆዱ እኩል ስለሚጠጣ ነው።

አገጣጠሙም ከዚሁ የመጣ ነው። በእንጨት ውስጥ በቀጥታ የገባ ብሎን በመንገድ ንዝረት ቀዳዳውን እያሰፋ ይላላል። ስለዚህ በካውንተሩ ሆድ ውስጥ ጥርስ ያላቸው የነሐስ ቀለበቶች ተቀብረዋል፤ ከታች ከካቢኔቱ የሚመጣው ብሎን እነሱን ይይዛል፣ አሥር ጊዜ ቢፈታም አሥር ጊዜ ይጠብቃል። የፊተኛው ረድፍ ብሎኖች ክብ ቀዳዳ አላቸው፤ ቀጥ ብለው ያስራሉ። የኋለኛው ረድፍ ቀዳዳ ግን ሞላላ ነው፤ ብሎኑ ወደ ላይ መነሳትን ከልክሎ ወደ ኋላ መንሸራተትን ይፈቅዳል። እንጨቱ ሲሰፋ ወደ በሮቹና ወደ መሳቢያዎቹ አይመጣም፤ ወደ ግድግዳው፣ ወደ አምስቱ ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ክፍተቱን የምትሸፍነው ቀጭን የዋልነት ዘንግ ደግሞ የታሰረችው ግድግዳው ላይ ነው፣ ካውንተሩ ላይ አይደለም። እንጨቱ ከሥሯ እንደፈለገ ይገባል፣ ይወጣል።

ቫኑ ከመሄዱ በፊት፣ ዘንጓ ሳትታሰር፣ ጋሼ ሁለት የኳርተር ሳንቲሞች ደርበው በክፍተቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራተቱ። የትም አልያዘም።

በመጋቢት መጨረሻ ልጅቷ ተጨማሪ መደርደሪያ ፈልጋ ተመልሳ መጣች። ገጹ ላይ የቢላዋ ጭረት አለ፣ የድስት ክብ ጥላ አለ፤ የፊት ጠርዙ ከበሮቹ ጋር የሠራው መስመር ግን እንደተዉት ነበር። እሷ ከውጭ ከእኔ ጋር ስታወራ ጋሼ ሁለት ብሎን ፈተው ዘንጓን አነሱና ኳርተሮቹን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለቱ ኳርተሮች አልገቡም። አንዱን ብቻ ሞከሩ፤ እሱም ጥብቅ ብሎ፣ እያፏጨ አለፈ። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ክረምቱን በሙሉ ማንም ሳያየው ወደ ኋላ ተጉዟል።

ልጅቷ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ «ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ መንገድ… ካውንተሩ ንቅንቅ አላለም!» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ጋሼ ኳርተሩን ኪሳቸው ከተቱና ዘንጓን መልሰው ማሰር ጀመሩ።