የብሎኑ መንገድና የሥዕሉ ምስክርነት

የተሰበረ ወይም የዘመመ አከርካሪን ለማጽናት ኦፕራሲዮን ሲደረግ፥ ብሎኑ የሚገባው ፔዲክል በሚባለው ጠባብ የአጥንት አንገት በኩል ነው። ከአንገቱ በስተውስጥ የኅብለ ሠረሠሩ ቦይ፥ ከበላዩና ከበታቹም የነርቭ ሥሮች ይገኛሉ። ብሎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት፥ ለመዳን የመጣው በሽተኛ ሽባ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በዓይኑ የማያየውን መንገድ በራጅ፥ በሲቲ ስካንና በኮምፒዩተር እየተመራ እንዲሄድ መደረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን «መሣሪያ የመራው ሁልጊዜ እጅ ከመራው ይበልጣል» የሚለውን አስተያየት ሳንመረምር ልንቀበለው አይገባንም።

ሁለት ጥናቶችን እናነጻጽር። ላይነና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት 100 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ነበር። በተለመደው ዘዴ ከገቡት ብሎኖች 13.4 በመቶ፥ በኮምፒዩተር ከተመሩት ግን 4.6 በመቶ ብቻ አጥንቱን ጥሰው ተገኙ። በአንጻሩ ሪንግልና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በ60 በሽተኞች ላይ ሮቦትን ከእጅ ጋር ሲያወዳድሩ፥ በእጅ ከገቡት 93 በመቶ፥ በሮቦት ከገቡት 85 በመቶ በመልካም ቦታ ላይ ሆኑ። ራሳቸው እንዳመለከቱት፥ ሮቦቱ ከአከርካሪው ጋር የተያያዘበት መንገድ አስተማማኝ አልነበረም፤ ብሎኖቹም ወደ ውጭ ጎን ያዘነብሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ስለ ተሻሻሉ፥ ይህ ውጤት በዛሬዎቹ ላይ ሁሉ ፍርድ አይሆንም።

ዋናው ነቀፌታችን ግን ስለ ሚዛኑ ነው። የመጀመሪያው ጥናት የጣሰውን ሁሉ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ጌርትስባይንና ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ደረጃ መሠረት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን መጣስ ይቅር ይላል። ስለዚህ ቍጥሮቹን ጎን ለጎን አቁሞ ማበላለጥ ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ ወደ ቦዩ የገባ 2 ሚሊ ሜትርና ወደ ውጭ የወጣ 2 ሚሊ ሜትር ለበሽተኛው አንድ አይደሉም።

ሌላም ነገር አለ። አስቀድሞ የተነሣ ሥዕል የሚያሳየው በተነሣበት ሰዓት የነበረውን አከርካሪ ነው። በኦፕራሲዮኑ መካከል አጥንቱ ቢንቀሳቀስ ወይም አጥንቱ ላይ የተተከለው ምልክት ቢነቃነቅ፥ መስተዋቱ ላይ ያለው ሥዕል አምሮ እንደ ታየ ሳለ ብሎኑ ይስታል። ይህን ለማወቅ የአካልን አሠራር ጠንቅቆ የተማረ እጅ ይረዳል።

እንግዲህ ሥዕሉን እንደ ምስክር እንስማው እንጂ እንደ ዳኛ አንቀበለው እንላለን።