የተማሪን እርምጃ ስለ መከታተል፤ በዳባትና በደባርቅ በክፍል ኀላፊ መምህርነት ላይ የቀረበ ሂስ

ተማሪን መመዝገብና ተማሪን መከታተል በትምህርት ቤቶቻችን ዘንድ እንደ አንድ ሥራ ሲቈጠሩ ኖረዋል። ስም ተጠርቶ፥ ቀሪው ተለይቶ፥ የሴሚስተሩ ውጤት በሮስተር ላይ ተደምሮ ደረጃው ከወጣ በኋላ ተማሪው «ክትትል ተደርጎለታል» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መሆናቸውንና አንዱ የሌላውን ቦታ በመያዙ የሚደርሰውን ጕዳት ማሳየት ነው። የመረጥነው ስፍራ ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ዳባትና ደባርቅ፥ ከእነርሱም ጋር የስሜን ተራሮች ግርጌ ነው። ይህንም ያደረግነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ፥ ከእኛ መካከል ጥቂቶቹ በዚያ ተምረን ያለፍን ነን፤ ሁለተኛ፥ ጕድለቱ በገጠርና በከተማ መካከል በሚመላለስ ተማሪ ላይ ይልቁን ጎልቶ ይታያል።

አስቀድመን ስለ ሥራው ምንነት እንናገር። በእንግሊዝ አገር 16 ዓመት የሞላቸው ወጣቶች ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁበት የሁለት ዓመት ኮሌጅ አለ። በብዙዎቹ ኮሌጆች የተማሪን እርምጃ ለመከታተል ብቻ የተመደበ ሠራተኛ ይገኛል። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው ትምህርት የለውም፤ ሥራው ተማሪውን ለብቻው ማነጋገር፥ የቀረበትን ምክንያት መጠየቅ፥ ከየመምህራኑ ስለ እርሱ የሚሰማውን ማሰባሰብ፥ ከወላጅ ጋር መገናኘትና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚላከውን ማመልከቻ አብሮ መመልከት ነው። በእኛ አገር ለዚህ ሥራ የሚቀርበው የክፍል ኀላፊ መምህር፥ በተማሪው አፍ «ሆም ሩም» የሚባለው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ ብሎ በለየ ጊዜም፥ ዛሬ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው በአንድነት ሁለተኛ ደረጃ በሆነበት ጊዜም፥ ሆም ሩም በመሠረቱ ያው ሆም ሩም ነው። ስም ይጠራል፤ ሮስተር ይሞላል፤ ካርድ ያድላል፤ የክፍሉን ወንበርና ጠረጴዛ ይረከባል፤ ጠብ ሲነሣ ይዳኛል። ከዚህ ሁሉ ጋር የራሱን ትምህርት እንደ ማንኛውም መምህር ያስተምራል።

ወደ እነዚህ ከተሞች የሚመጣው ተማሪ ማን እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው የክትትሉን ጕድለት ሊመዝን አይችልም። የገጠሩ ልጅ ዝቅተኛውን ክፍል በመንደሩ ከጨረሰ በኋላ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል። ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ስለሆነች ሌሊቱን በአንድ ጋቢ ተደራርበው ያሳልፋሉ። ምግባቸው ከቤት የሚመጣ ስንቅ ነው፤ ይኸውም ዱቄት፥ ሽሮ፥ ድርቆሽ፥ ጥቂትም የገብስ ቆሎ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተነሥተው በእግር ይሄዳሉ፤ መንገዱ የራቀባቸው ሰኞን ሳይደርሱ ይቀራሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለ፤ አባት «ሳምንት እርዳኝ» ቢል እምቢ ማለት አይቻልም። ሴት ተማሪ ከሆነች ውሃው፥ እንጨቱና ማብሰሉ ይጨመርባታል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ጋብቻ ቢከለክልም፥ የሰርግ ወር የሆነው ጥር ሲደርስ ወደ ቤት ተጠርታ የማትመለስ ልጅ ትኖራለች። እነዚህ ምክንያቶች እርስ በርሳቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። መፍትሔያቸውም እንዲሁ ይለያያል። በስም መጥሪያው ወረቀት ላይ ግን ሁሉም አንድ ምልክት ናቸው።

ከእኛው ሕይወት አንድ ነገር እንጥቀስ። ከመካከላችን ከአንዱ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማር የነበረ ጓደኛ ነበረ፤ በሒሳብ ከክፍሉ የሚበልጠው አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። በ11ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር አባቱ ታመመና ወደ አገሩ ሄደ። ለሦስት ሳምንት ስሙ በየቀኑ ተጠራ፤ በየቀኑም «ቀሪ» ተብሎ ተጻፈ። በአራተኛው ሳምንት «ያቋረጠ» ተባለና ስሙ ተሰረዘ። እርሱ አባቱን ቀብሮ ሲመለስ «ጊዜው አልፎብሃል፤ ለሚመጣው ዓመት ተመዝገብ» ተባለ። በሚመጣው ዓመት ግን በሬውን የሚጠምደው እርሱ ነበረና አልተመለሰም። እኛ አብረነው የኖርን ልጆች ወዴት እንደ ሄደና ስለ ምን እንደ ሄደ እናውቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም፤ እኛም ካልተጠየቅን መናገር እንደሚገባን አላወቅንም። መዝገቡ አንድ ስሕተት አልነበረበትም፤ የቀረባቸው ቀናት በትክክል ተቈጥረዋል።

ከዚህ ተነሥተን የአሠራሩን ጕድለት በሦስት እንከፍለዋለን።

1ኛ. የቍጥር ጕድለት ነው። በአንድ ሴክሽን ከሃምሳና ከስልሳ በላይ ተማሪ ሲቀመጥ የሆም ሩሙ ዐይን ሊያርፍ የሚችለው በፊተኞችና በኋለኞች ላይ ብቻ ነው። ፊተኞቹ ስለሚሸለሙ፥ ኋለኞቹ ስለሚረብሹ ይታወቃሉ። በመካከል ያለው ዝምተኛ ልጅ፥ ከአንደኛው ሴሚስተር ወደ ሁለተኛው አሥርና ዐሥራ አምስት ነጥብ ቢወርድም፥ አላለፈምና ወደቀ አይባልም፤ መውረዱን የሚያይለት የለም።

2ኛ. የጊዜ ጕድለት ነው። በሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ለማስተማር የተመደበ ሰዓት አለ፤ ተማሪን ለብቻው ለማነጋገር የተመደበ ሰዓት ግን ባየናቸው ድልድሎች ውስጥ አላገኘንም። ጊዜ ያልተሰጠው ሥራ በመምህሩ ቸርነት የሚሠራ ሥራ ነው። ቸር መምህር ባለበት ይሠራል፤ እርሱ በተዛወረ ጊዜ ይቀራል።

3ኛ. የተጠያቂነት ጕድለት ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ሆም ሩም ሮስተሩን አሳስቶ ቢደምር ወይም አዘግይቶ ቢያስረክብ ይጠየቃል። አንድ ልጅ ጠፍቶበት ሳይፈልገው ቢቀር ግን «ያቋረጠ» ብሎ በመጻፉ ሥራውን እንደ ፈጸመ ይቈጠርለታል። ሰው ደግሞ የሚጠየቅበትን ያስቀድማል።

ይህን ጕድለት ለመሙላት ተብሎ ተማሪዎች አንድ ለአምስት እንዲደራጁ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ጎበዙ ተማሪ አራቱን እየረዳ፥ የቀረውንም እየጠየቀ አብሮ እንዲራመድ የታሰበ ነው። ነገር ግን ይህም በፍጥነት ወደ ወረቀት ተለወጠ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ ነበር፤ ስብሰባው ሳይደረግ የተጻፈበትም ጊዜ ነበረ፤ ይህን የምንለው ጸሐፊዎቹ እኛው ስለ ነበርን ነው። የሚያስገርመው፥ ጓደኛችን በጠፋ ጊዜ እንኳ የአምስቱ ቡድን ቃለ ጉባኤ «ሁሉም አባላት ተገኝተዋል» ይል ነበር።

በዚህ ሁሉ መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የመምህሩ ደመወዝ ከኑሮው ውድነት ጋር የማይመጣጠን በመሆኑ ከክፍል ወጥቶ ሌላ ሥራ ቢፈልግ የሚፈረድበት አይደለም። ከዚህም በላይ አገሩ ፋታ አላገኘም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ገብቶ በጭና የብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ነገር ግን ይህ ክርክራችንን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። ልጅ በሚበተንበት ዘመን ማን የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

መከታተል ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ይመልከት። በዜማ ቤት ደቀ መዝሙሩ የሚቀጽለው የራሱን ደረጃ ቀለም ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው ጾመ ድጓ ሲቀጽል እርሱ ገና ውዳሴ ማርያም ላይ ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ በመጨረሻ ግን ሁሉም ከየኔታ ፊት ይቀርባል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ስለዚህ የኔታ እያንዳንዱ የት እንደ ደረሰ ያውቃሉ፤ የሚያውቁትም በጆሯቸው ስለ ሰሙት እንጂ ድምር ስለ ደረሳቸው አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ማሳመር አንሻም። በዚያ ሥርዐት ሴቶች ልጆች እምብዛም ቦታ አልነበራቸውም፤ ቅጣቱም ከባድ ነበር፤ በረኃብና በበሽታ መንገድ ላይ የቀረውን ተማሪ ማንም አልቈጠረውም። ከእርሱ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የአንድን ተማሪ እርምጃ የሚያውቅ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከዚያው ከዳባት የሚገኝ ስለሆነ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በዳባት የጤናና የሕዝብ ጥናት ማእከል አቋቁሟል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በተመረጡት ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የተወለደውን፥ የሞተውን፥ የገባውንና የወጣውን ይመዘግባሉ፤ ተመልሰውም እየሄዱ ያድሳሉ። ከቤት የወጣ ሰው ቢኖር ወዴት እንደ ሄደ ይጠይቃሉ። እንግዲህ በአንዲት ወረዳ ውስጥ አንድ ወጣት ለጥናት ሲሆን ደጁ ድረስ ተሄዶ ይጠየቃል፤ ለትምህርቱ ሲሆን ግን ከክፍል ጠፍቶ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ «በእኛ አገር ሰውን በየቤቱ መከታተል አይቻልም» የሚለው ምክንያት አይጸናም፤ ሰው ተመድቦለትና ጊዜ ተሰጥቶት በዚያው ምድር ተችሏል።

የነገሩ መጨረሻ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይታያል። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በአገር አቀፍ ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የክትትል ጕድለት ብቻ ነው ብለን አንደፍርም። የምንለው ይህን ነው፤ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ተማሪ አለመብቃቱን የሚያውቀው በመጨረሻው ቀን ከሆነ፥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየሴሚስተሩ የተሰጠው ካርድ ምን ሲነግረው ነበር? ካርዱ «ተዛውሯል» ይለው ነበር፤ «በዚህ ደክመሃል፥ እንዲህ አድርግ» የሚለው ሰው ግን አልነበረውም።

የእንግሊዞቹን ሥርዐት እንዳለ እናምጣ አንልም። የማያስተምር ሰው የተማሪውን ደብተር ከውስጥ ሊያይለት አይችልም፤ እርሱም ቢሆን ቀሪና ውጤት በሚቈጥር ሥራ ከተጠመደ ሌላ ሮስተር ሞይ ይሆናል። እኛ የምናቀርበው አነስተኛ ነው። አንደኛ፥ ለሆም ሩም በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶለት ያ ሰዓት ተማሪን ለብቻው ለማነጋገር ይመደብለት። ሁለተኛ፥ «ያቋረጠ» የሚለው ቃል ከመጻፉ በፊት ተማሪው ከሚኖርበት ቤት ወይም ከቀበሌው ሰው ሄዶ ይጠይቅ፤ ምክንያቱም በአጠገቡ ይጻፍ። ሦስተኛው እኛን የዚህን መጽሔት አንባቢዎች ይመለከታል። በቀድሞው የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1964 ጀምሮ፥ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተምረዋል። ዛሬ በደባርቅ ከተማ ራሱ ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አምስት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ይዞ፥ በየሁለት ሳምንቱ እያገኛቸው፥ ደብተራቸውን እያየና የቀረውን እየፈለገ ከሆም ሩሙ ጋር ቢሠራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህም ሥራ እንደ አንድ ለአምስቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፥ የሚቀርበው ሪፖርት ስንት ስብሰባ ተደረገ በሚለው ፈንታ ማን ቀረ፥ ስለ ምን ቀረ፥ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ ይሁን።

መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ ቢጽፉልን ደስ ይለናል። በተለይ በዳባት፥ በደባርቅና ከሊማሊሞ ቍልቍለት ማዶ ባሉት ወረዳዎች የሆም ሩምነትን ሥራ የሠሩ መምህራን፥ የት ላይ እንደ ተሳሳትን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።