«ከሐዘን ወደ ተግባር» ስለሚባለው ጽሑፍ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣችውን ይህን ጽሑፍ አነበብሁት። ከ1948 ወዲህ ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ እንግሊዝ ከተሻገሩት ብዙዎቹ የተጠመቁት በዚሁ በአንግሊካን ሃይማኖት ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው እሑድ፥ ጸሎቱ ሲያበቃ፥ ቄሱ በር ላይ ቆሞ፥ ነጮቹ ምእመናን ቅር እንዳይላቸው ዳግመኛ እንዳይመጡ የለመናቸው አሉ። (እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና ይህን ትሕትና የለበሰ ክፋት አውቀዋለሁ።)

ሲኖዶሱ በ2020 ይቅርታ ጠየቀ። ጽሑፉም 47 ተግባሮችን ከነቀነ ገደባቸው ይዘረዝራል፤ ቀን መቁረጡን እወድለታለሁ። ነገር ግን አብዛኛው ስለ ሹመት፥ ስለ ሥልጠናና ስለ አስተዳደር ነው። እነዚያ ሰዎች የተባረሩት ግን በኮሚቴ ሳይሆን በአንድ ቄስ አፍ ነው። እኔ ብሆን ጽሑፉን ከዚያ በር እጀምረው ነበር። ከተመለሱትም አንዳንዶቹ የጴንጤቆስጤ ጸሎት ቤት አቁመዋልና፥ ልጆቻቸውን ሄዶ መጠየቅ አያስቸግርም ነበር።